ያልረሱትን «ረሳሁ» ያሉት ሲስተር እፀገነት ወልደ ኪዳን

ሲስተር እፀገነት ወልደ ኪዳን ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ኪዳን አላምረውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰጋሽ ውበቴ በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ብቸና ከተማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም. ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ተወለዱ። በመታወቂያቸው ላይ 1977 ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ነው። እትብታቸውን የቆረጠችው የእናታቸው እናት፣ አያታቸው ይርጋነሽ ስለሆነች ከእሷ ወዲያ ምስክር የለም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እሷው ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ፊደሏም ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት የተማረችው ፊደል ነው። ስለዚህ የሚያነበው ሰው ቀስ ብሎ ያንብብ። ከመካከሉ ለጆሮ የሚከብድ ነገር ሲደርስበት ለአያቲቱ አዝኖ እንዳይዘልለው ይለመናል። እሱ እንዲሰማ ነው ሌላው ሁሉ የተጻፈው።

እናታቸው በ1981 ዓ.ም. ወንድማቸውን ሽመክትን ወልደው በአራስነታቸው ዐረፉ። አባታቸው ሌላ ትዳር ይዘው ወደ መርጡለ ማርያም ሄዱ፤ እዚያው በ1990 ዓ.ም. አረፉ። ሁለቱ ልጆች የአያታቸው ድርሻ ሆኑ። አንድ ልጇን የቀበረች ሴት የሰው አደራ ስትቀበል እንዴት እንደምትሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ዝናብ ካለ አይወጡም፣ ፀሐይ ከበረታ አይወጡም። ሳል ከሰማችበት ቤት ፊት ለፊት ላለማሳለፍ በገበያው በኩል አዙራ ነበር ትምህርት ቤት የምትወስዳቸው። የሰፈሩ ሰው «የይርጋነሽ እንቁላሎች» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ሽመክት የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ትክትክ ያዘው። ሳሉ ሲነሣበት ፊቱ ይጠቁራል፣ የበላውን ሁሉ ያስመልሰዋል። አያታቸው በጋቢ ጠቅልላ፣ በሩን ዘግታ፣ አቅፋው ስታለቅስ እርሳቸው የአሥር ዓመት ልጅ ሆነው መጡና ከእቅፏ አውጥተው ቀጥ አድርገው አስቀመጡት። «ልጄን አትንኪብኝ!» ብላ ጮኸችባቸው። እርሳቸው ግን «ሳሉ ሲተወው ነው ምግብ የሚሰጠው፤ ትንሽ ትንሽ። ክሊኒክ በመስኮት አይቻለሁ» አሉ። ልጁ ዳነ። ዛሬ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። እንግዲህ አያታቸው ከዚያ ቀን ጀምራ ልትሰማቸው ይገባ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ብቸና አጠናቀቁ። ደብረ ማርቆስ ገብተው የነርስነት ሙያ ተማሩና በ1997 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በምረቃው ዕለት አያታቸው ደስ ከማለት ይልቅ «ከበሽታ መሃል ልትኖሪ ነው?» እያለች ስታለቅስ ስለዋለች አብረዋቸው የተመረቁት ሰው የሞተ መስሏቸው አጽናኗት። በ1998 ዓ.ም. በግንደወይን አካባቢ ሥራ ጀመሩ፤ በ2001 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛውረው በሕፃናት ክፍል ተመደቡ። እዚያም በኩፍኝ፣ በትክትክ፣ በጆሮ ደግፍ፣ በሳንባ ምችና በተቅማጥ የሚመጡትን ሕፃናት ማስታመም የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ።

በጥር ወር 2002 ዓ.ም. ለማስተማር ወደ ሞጣ ከመጡት ከመምህር ስጦታው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ፤ መክሊት ተባለች። አያታቸው ሕፃኗን ባየች ቁጥር «አይ ማማሯ!» እንዳትል ዓይን ትፈራለች፣ ዝም እንዳትል ደግሞ ልቧ አይችልም፤ ስለዚህ «ደህና ናት» ብቻ ትል ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በሞጣ ዙሪያ ኩፍኝ ገባ። ሲስተር እፀገነት ለኩፍኝ በተለየው ክፍል ተመደቡ። ልጃቸውን ይዘው ብቸና መጡ። «እማዬ፣ ይህች ልጅ ክትባቷ ዘጠኝ ወር ሲሞላት ነው። እስከዚያ አንቺ ዘንድ ትቆይልኝ። ጥር ላይ፣ በመጀመሪያው የክትባት ቀን ውሰጂያት። ሌላ አደራ የለብሽም» አሉ። አያታቸው አደራውን ተቀበለች።

የክትባቱ ቀን ደረሰ። አያታቸው ሕፃኗን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ አዝላ እስከ አጥሩ በር ወጣች። በዚያን ሰሞን ብቸናም ኩፍኝ ገብቶ ነበር። አንዲት ጎረቤት ከበሩ ላይ አገኘቻት፤ እዚህ ስለተቀመጠች ስሟ አይጠራም፣ ያለችውም ለክፋት ብላ አልነበረም። «ወዴት ልትወስጂያት ነው?» አለቻት። «ለክትባት።» «በስመ አብ! ኩፍኝ ሰፈር ገብቶ ሳለ ልጅ ይወጋል? መርፌው ኩፍኙን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሆድ ዕቃዋ ላይ ነው የሚወጣባት!» ይህን እናቶቻችን ሁሉ ሲሉት ሰምተን ያደግን ነን። አያታቸው ሕፃኗን ይዛ ተመለሰች።

በዚያው ቀን ከሞጣ ስልክ ተደወለ።

«እማዬ፣ አስከተብሻት?»

«አስከትቤያታለሁ።»

«አለቀሰች?»

«ትንሽ።»

«አላተኮሳትም?»

«ኧረ ደህና ናት፤ ነገር አታብዢ።»

አንዱ ውሸት ወዲያው ሦስት ሆነ። ለጥምቀት ራሳቸው መጡ። ለአንድ ቀን ነበር የመጡት። ከግቢው በታች ባለው ጎረቤት ቤት ገላቸውን ታጥበው፣ ልብሳቸውን ለውጠው ነው ልጃቸውን ያቀፉት። «ካርዷን አሳዪኝ» ሲሉ አያታቸው «ሽመክት ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ማርቆስ ሄዷል» አለች። ይህ አራተኛው ነው። እርሳቸውም አመኑ። ያሳደገቻቸውን ሴት ካላመኑ ማንን ሊያምኑ?

ጥር 24 ቀን ሕፃኗን አተኮሳት። ዓይኗ ቀላ፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ሳል ጀመራት፤ በአራተኛው ቀን ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ሽፍታው ወጣ። አያታቸው መስኮቱን ዘጋች፣ ነጠላ ጋረደች፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዳይገባ ከለከለች። ውሸቷ እንዳይወጣ ፈርታ ስልኩን ሁለት ቀን አላነሣችም። ሽመክት ከማርቆስ ሲመለስ በሩን ገፍቶ ገባና የልጅቱን አተነፋፈስ ሰምቶ «ምን አድርገሻል?» አላት። ደወለ። በማግስቱ አያታቸው ልጅቱን ታቅፋ ሞጣ ደረሰች።

ሲስተር እፀገነት ልጃቸውን ሲቀበሉ አልጮኹም። መጀመሪያ መስኮቱን ከፈቱ። ሰዓታቸውን ይዘው ደረቷ ሲወርድና ሲወጣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠሩ። የቫይታሚን ኤ እንክብሏን ጫፍ ቆርጠው አፏ ውስጥ ጠብ አደረጉ፣ ዓይኗን ጠርገው ቅባት ቀቡ፣ አፏ ስለቆሰለ ወተቱን በማንኪያ ሰጡ። ለሌሎቹ ልጆች የሚያደርጉትን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ አደረጉ። ኩፍኙ ግን ሳንባዋ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲነበብ የተፈለገው ነው።

የሚመዘግበው ባለሙያ መጣና «የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች?» ብሎ ጠየቀ። ሲስተር እፀገነት «አዎ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው አያታቸውን አዩ። አያታቸው ወለሉን አየች። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች እናቶች ነበሩ፣ መምህር ስጦታውም ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። እርሳቸውም «አልወሰደችም» አሉ።

«እንዴት? እርስዎ እያሉ?»

«ረስቼ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ረሳሁት።»

አያታቸው ይርጋነሽ ከአጠገባቸው ቆማ ነበር። «ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ» ማለት አራት ቃል ነው። አላለችም።

መክሊት የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በእናቷ እጅ ዐረፈች። አስከሬኗ ብቸና መጥቶ ተቀበረ። ወሬው ግን ከአስከሬኑ ቀድሞ ደርሶ ነበር። «የሰው ልጅ ስትከትብ ውላ የራሷን ረሳች!» ተባለ። ሌላው ደግሞ «ለጥምቀት ስትመጣ በልብሷ ይዛባት መጥታ ነው» አለ። ኩፍኝ ልብስ ላይ ሁለት ሰዓት እንኳ እንደማይቆይ፣ የሞጣና የብቸና መንገድ ብቻውን ከዚያ እንደሚበልጥ፣ በሽታው ከእርሳቸው በፊት ሰፈሩ ውስጥ እንደነበር የሚናገርላቸው አልነበረም። መምህር ስጦታው በዐርባው ዕለት «የራስሽን ልጅ ከረሳሽ እኔንስ ምን ብለሽ ታስታውሺኛለሽ?» አሏቸው፤ በዚያው ዓመት ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። አይፈረድባቸውም። የሰሙትን ነው ያመኑት።

ለፋሲካ አያታቸው «ልናገር፤ ለቄሱም ለባልሽም ልናገር» አለች። እርሳቸው ግን እጇን ይዘው «ከተናገርሽ ይህ ሰፈር ይበላሻል። አንቺ እዚሁ ነሽ፣ ውኃ የምትቀጂውም እሳት የምትጫሪውም ከእነሱ ጋር ነው። እኔ ሞጣ ነኝ፤ ወሬው እዚያ ቶሎ ይረሳል» አሉ። አልተረሳም።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር እፀገነት አሥራ ሁለት ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። ሞጣ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ይመላለሱ ነበር። ልጇ ሲታመም «ሲስተር! ሲስተር!» እያለች የምትሮጥ እናት ልጇ ከዳነ በኋላ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ልጇን ወደ ሌላው ጎኗ ታዞራለች። ክፋት አይደለም፤ እናትነት ነው። እርሳቸውም እንዳያስጨንቋት ቀድመው ይሻገሩላታል። ድግስ ሲጠሩ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ አይገቡም፤ ሳህኑ በር ድረስ ይመጣላቸዋል፣ ቆመው ይቀምሳሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሄዳሉ። በአያታቸው ቤት የሚኖረው ሽመክት የመጀመሪያ ልጁን ሲወልድ ለአራስ ጥየቃ ፎጣና የሕፃን ልብስ ይዘው ከሞጣ መጡ። የሽመክት ሚስት እጇን ከበሩ ዘርግታ ተቀበለቻቸውና ልብሱን ሦስት ቀን አጥር ላይ አሰጣችው። እርሳቸው ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ «ፀሐይ መልካም ነው፤ ልክ ነች» አሉና ሳቁ። አያታቸው ከቤት ውስጥ ሆና ያን ሳቅ ሰማች። ዛሬም ይሰማታል።

ሥራቸውን ግን እንደ ጸሎት ያዙት። የኩፍኝ ክፍል መስኮት ዝግ ሆኖ ካገኙ አይታገሡም። «ጨለማ ኩፍኝን አያሽርም፤ ብርሃኑ ዓይኑን ካስቸገረው ፊቱን አዙሪለት እንጂ አየር አትከልክዪው» ይሉ ነበር። ትክትክ ይዞት ያስመለሰውን ልጅ እናቱ ከመሳቀቋ በፊት ያጸዱታል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦአርኤስ በብርጭቆ ሳይሆን በማንኪያ፣ ካስመለሰ ዐሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና እንዲሰጠው ያስተምራሉ። ጡት አቁሚ ያሏትን እናት «ማነው ያለሽ? አምጪልኝ!» ብለው ይቆጣሉ።

አንድ ጊዜ አያታቸው ልትጠይቃቸው ሞጣ ሄዳ ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጣ ሳለች ይህን ሰምታለች። ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ልጇን አላስነካም ብላ አስቸገረች።

«አንቺ ወልደሽ አታውቂም፣ ምን ታውቂያለሽ?» አለቻቸው።

ክፍሉ ውስጥ ታሪካቸውን የሚያውቁ ነበሩ። እርሳቸው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡና «እውነትሽን ነው፤ ልጅሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እስቲ ትንፋሹን አብረን እንቁጠር። መቁጠር ትችያለሽ?» አሉ።

«ለፍየል እቆጥር የለ!»

«በይ እንግዲህ ይቺን ፍየል እንዳታመልጥሽ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ቆጠሩ። ስልሳ ሲያልፍ ሴትዮዋ ራሷ «በዛ፤ በዛብኝ እኮ ሲስተር!» ብላ ልጁን ሰጠቻቸው። ልጁ በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። አያታቸው ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች «ወልደሽ አታውቂም» የሚለውን ቃል ዋጠችው። እሷ የሰጠቻቸው ቃል ነውና።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዳገት ሲወጡ ይደክማቸው፣ እግራቸው ያብጥ ጀመር። ባሕር ዳር ሄደው ሲመረመሩ የልብ በር መጥበብ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሞቹ በልጅነት በቅጡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ ነው አሉ። በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ሲያማቸው አያታቸው ወደ ክሊኒክ አልወሰደቻቸውም፤ እንጥላቸውን ነበር ያስቆረጠቻቸው። ይህም ከሷ ላይ ይቆጠር። እርሳቸው ግን ይህንን ሲሰሙ የተናገሩት «የጉሮሮ ሕመም ያለበት ልጅ ሲመጣ ከእንግዲህ አላሳልፍም» ብቻ ነው። በድካማቸው ላይ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ሠሩ። ለቀዶ ሕክምና ተራ ተይዞላቸው ሳለ አንዴ መንገድ ሲዘጋ፣ አንዴ አቅም ሲያንሳቸው ቀኑ አለፈ።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወደ ብቸና፣ ወደ አያታቸው ቤት ተመለሱ። አሥራ ሁለት ዓመት ከደጅ የተመለሱበት ቤት ውስጥ ተኙ። የሽመክት ልጆች አጠገባቸው እንዳይደርሱ ተከለከሉ፤ የልብ በሽታ እንደማይተላለፍ ቢነገርም እናታቸው «ማን ያውቃል?» አለች። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ እርሳቸው በሩ ክፍት እንዲተው ይለምኑ ነበር። አንዱ ልጅ ሲያስል ከተኙበት «ይህ ደረቅ ሳል ነው፤ ደህና ነው» ወይም «ይህን ግን ነገ አሳዩት» ይላሉ። የጎበኛቸው ሰው ጥቂት ነው። ስሙን መቁጠር ይቻላል፤ አይቆጠርም።

ከማረፋቸው አንድ ሳምንት አስቀድሞ አያታቸውን ጠርተው «እማዬ፣ እኔ ስሄድም ዝም በይ። አንቺ በእርጅናሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ሬሳሽን የሚያነሣ ዕድር ያስፈልግሻል። አደራ» አሉ። አያታቸው «እሺ» አለች። እነሆ እሺ ያለችውን አፍርሳለች። የመክሊትን አደራ በልታለች፣ ይህንንም በላች፤ አደራ በላ ከተባለች አይቀር ሁለተኛውን ለእርሳቸው ስትል ትብላው። እፀገነት አልረሱም። ልጃቸውን በልብሳቸው በሽታ አላመጡባትም። ያላስከተበቻት ይርጋነሽ ናት፤ የዋሸችውም ይርጋነሽ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት አፏን ዘግታ የልጇን ልጅ ብቸኛ ያደረገቻቸውም ይርጋነሽ ናት። መምህር ስጦታው ከዚህ ካሉ ይስሙ። ከሌሉም ያሉበትን የሚያውቅ ሰው ይህን ወረቀት ያድርስላቸው። ሚስታቸው ልጃቸውን አልረሱባቸውም።

ሲስተር እፀገነት ወልደ ኪዳን ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከልጃቸው ከመክሊት አጠገብ ዛሬ ሰኞ ይቀበራሉ። ያለ እርሳቸው የቀሩት አያታቸው ይርጋነሽ፣ ወንድማቸው ሽመክትና ልጆቹ፣ እንዲሁም በሞጣና በግንደወይን ዙሪያ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚውሉ፣ ከብት የሚጠብቁ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው የወለዱ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ልጆች ናቸው።

የልጆች ወዳጅ መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን ከልጃቸው ጋር ያገናኝልን። የዝምታቸውን ዋጋ እሱ ይክፈላቸው። ያሳዘንናቸውን ሁላችንን፣ ከሁሉም ይልቅ አያታቸውን፣ ይቅር ይበለን።

ስለ ሰልስቱ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሰልስታቸው የፊታችን ረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ ጤና ጣቢያው የክትባት ቀን ነው። ዘጠኝ ወር የሞላው፣ ዓመት ከሦስት ወርም የሞላው ልጅ ያላችሁ ለቅሶ ብላችሁ እንዳትቀሩ። መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ። ቢተኩሰው፣ ቢነጫነጭ አትደንግጡ፤ አንድ ሌሊት ያስቸግረዋል እንጂ አይገድለውም። አስከትባችሁ ስታበቁ ልጆቻችሁን እንዳዘላችሁ ወደ ድንኳኑ ኑ፤ ማንንም አንመልስም። ይርጋነሽን ማናገር የማይፈልግ ሰው አያናግራት። እሷ እያንዳንዱን ልጅ «ተከተበ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ለእሱ ብቻ መልሱላት።